ቤት ነው ወይስ ሥጋ?

በገና ስሠራ ከሁሉ የምጠነቀቀው ለገበቴው ነው። ዋንዛውን ቦርቡሬ፣ አሳስቼ፣ ቆዳ ሳለብሰው ድምፁ የሚያድገው እዚያ ውስጥ ነው። ገበቴው ከተሰነጠቀ በገናው ድዳ ይሆናል። ኤሌክትሪክ ጊታር ግን ሌላ ነገር ነው። ሙዚቀኞቹ «ቦዲ» የሚሉት አካሉ ድፍን ጣውላ ነው፤ ውፍረቱም አራት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የሚንቀጠቀጠው የብረት ክሩ ነው። ከክሩ ሥር ማግኔትና በላዩ የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለ፤ ፒክአፕ ይባላል። ክሩ ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ ያም ወደ አምፕሊፋየሩ ይሄዳል። እንጨቱ እነዚህን ሁሉ ተሸካሚ ነው። ታዲያ ተሸካሚው ሲያረጅ ለምን አይቀየርም?

ይህን የጠየቀኝ የሱሉልታ ልጅ ነው። አባቱ ሰበታ ይኖራሉ፤ የእኔ ሥራ ቤት ቡራዩ ነው። እሳቸው በጅማ መንገድ፣ ልጁ በጎጃም መንገድ፣ እኔ በአምቦ መንገድ ላይ ነን፤ ሦስታችንም አዲስ አበባን ከየበሯ ቆመን የምናይ ሰዎች ነን። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከተሞች ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለው ማኅተማቸው ተቀይሯል፤ የታክሲው ረዳት ግን ዛሬም «ቡራዩ! ቡራዩ!» እያለ ነው የሚጣራው።

አባትየው በወጣትነታቸው በሆቴል ባንድ ውስጥ ሊድ ጊታር ይጫወቱ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ሰዓት እላፊ በነበረበት ዘመን፣ ማታ ሆቴል የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። የአይቤክስ፣ በኋላም የሮሃ ባንድ ጊታሪስት የነበረውን ሰላም ስዩምን እየሰሙ ነው እጃቸውን ያፍታቱት። ጊታራቸው የጃፓን ሥራ ነው፤ የፋብሪካው ስም ከአናቱ ላይ ተገንጥሎ ጠፍቷል።

የአካሉ ነገር እንዲህ ነው። የቀኝ ክንድ የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ቀለሙ በክንድ መተሻሸት ብዛት ተበልቷል። ተጠግተው ሲያዩት ንብርብሩ ይቆጠራል፦ ከላይ ቀይ፣ ከሥሩ ወደ ቢጫ ያደላ ነጭ፣ ከዚያ ቡናማ፣ መሐል ላይ ላብ የጠገበ ጥቁር እንጨት። ጀርባው በቀበቶ ዘለበት ተፋፍቋል። ከታች ጥጉ ላይ አንድ ጊዜ ወድቆ የጎደለውን አንድ ሰው በመኪና ስቱኮ ሞልቶታል። ዋናው ጉዳት አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚገጥምበት ጉድጓድ ላይ ነው፤ ከዚያ የተነሳ ስንጥቅ ወደ ጠርዙ ሄዷል። የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ሰፍተው በክብሪት እንጨት ተጠቅጥቀዋል። አንገቱ ስለሚነቃነቅ ጊታሩ የተቃኘበት ላይ አይቆይም፤ ባቲ ብሎ የጀመረ ሰው ሳያስበው ሌላ ቅኝት ውስጥ ራሱን ያገኘዋል።

ልጁ ራሱ ጊታሪስት ነው። ሱሉልታ ውስጥ ባለ አንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ከዘማሪዎች ጋር ይጫወታል። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ አንገቱን፣ ፒክአፑን፣ ማቃኛዎቹን አውጥተን አዲስ አካል ላይ እንግጠማቸው። ለዚህ ሐሳብ ታሪክም ይመሰክርለታል። ሊዮ ፌንደር ካሊፎርኒያ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣው ድፍን ጊታርም ሆነ በ1954 ባመጣው ስትራቶካስተር ላይ አንገቱን በኮላ አላጣበቀውም፣ በ4 ብሎን አሰረው እንጂ። ጠጋኝ ነበርና የተበላሸው ተፈትቶ በሌላ እንዲተካ አስቦ ነው የሠራው። ጃፓኖቹም ያንኑ መንገድ ተከተሉ። እንግዲህ ይህ ዕቃ ሲፈጠር ጀምሮ እንዲፈታ ተደርጎ የተሠራ ነው። ስለ ድምፁም ቢሆን ከልጁ ጋር አልከራከርም፤ ፒክአፑ፣ ክሩና አንገቱ ያው ከሆኑ፣ መገጣጠሚያውም ጥብቅ ከሆነ፣ አድማጩ ለውጡን አያውቀውም።

አባቱ ግን ጊታሩን ጭናቸው ላይ አጋድመው «አካሉ ከሄደ የቀረው የኔ አይደለም» አሉ። ከዚህ ሌላ ምክንያት አልሰጡም። ልጁ አባቱን በጣም ያከብራል፤ ነገር ግን ይህን ከስሜት በላይ አድርጎ አላየውም። እኔ ደግሞ የሽማግሌው ቃል ውስጥ ከስሜት የጠለቀ እውነት ያለ መሰለኝ፤ ይህን የምጽፈውም ያንን እውነት ፈልጌ ለማውጣት ነው።

ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ የቤተ ክህነት ልጅ ነህ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሲያረጅ ይፈርስ የለም እንዴ? ታቦቱ እስካለ ድረስ ያው ቤተ ክርስቲያን ነው አይደል? ፒክአፑን ታቦት በለው» አለኝ። ደህና አድርጎ ነው የያዘኝ። በልጅነቴ ድቁና ተምሬአለሁና የሚለውን አውቀዋለሁ። ሕንጻው ሲያረጅ መቃኞ ይሠራል፣ ታቦቱ ወደዚያ ይገባል፣ አሮጌው ይፈርሳል፣ አዲሱ ሲያልቅ ታቦቱ በእልልታ ይመለሳል። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ሳንቃው ሁሉ ሌላ ነው፤ ምእመኑ ግን «አዲስ ቤተ ክርስቲያን መጣ» አይልም፤ ያው ማርያም፣ ያው ጊዮርጊስ ነው። የግሪክ ፈላስፎች የቴሴዎስን መርከብ እያነሱ ሳንቃው ሁሉ አንድ በአንድ የተቀየረ መርከብ ያው መርከብ ነው ወይስ ሌላ እያሉ የተከራከሩበትን ጥያቄ፣ የኛ ገበሬ መቃኞ እየሠራ ሲመልሰው ኖሯል።

ነገር ግን ታቦት ታቦት የሆነው ከሕንጻው ክፍሎች ሁሉ የበለጠ ሥራ ስለሚሠራ አይደለም። ጳጳስ ባርኮት፣ ሜሮን ቀብቶት፣ ለአንድ ቅዱስ ስም ስለተሰጠ ነው። ቅድስናው ከላይ የተሰጠው ነው፤ ስለዚህም ነው ቤቱ ቢቀየር የማይቀየረው። ጊታር ውስጥ እንዲህ ተለይቶ የተባረከ አንድ ክፍል የለም። ፒክአፑን «ነፍሱ» የምንለው ድምፁን ስለሚሰጠን ብቻ ነው፤ ይኸውም እኛ ከዕቃው የምንፈልገው ጥቅም እዚያ ስላለ ነው። የአንድን ነገር ማንነት የምንጠቀምበት ክፍል ላይ ብቻ ካስቀመጥነው፣ የተቀረው ሁሉ ወዲያውኑ ትርፍ ይሆናል። ይህ አስተሳሰብ በጊታር ላይ ብዙ ጉዳት የለውም። በሰው ላይ ሲመጣ ግን ያስፈራኛል፤ መሥራት ያቆመ እጅ፣ መቆም ያቃተው እግር፣ መናገር የተወ አፍ ያላቸው አረጋውያን በየቤቱ አሉና።

ደግሞም የኛ እምነት ስለ ሥጋ የሚናገረው ስለ ቤት እንደሚናገረው አይደለም። ሰው ማለት ሥጋ ውስጥ የተከራየች ነፍስ ናት አንልም። ነፍስና ሥጋ ተዋሕደው አንድ ሰው ይሆናሉ እንላለን፤ አባቶቻችንም የመለኮትንና የትስብእትን ተዋሕዶ ሲያስረዱ ይህንኑ ነው ምሳሌ የሚያደርጉት። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻው ትንሣኤ ሙታን ነው፤ የሚነሣውም የሞተው ሥጋ ራሱ ነው። በጥምቀት ቀን 36 ቦታ ሜሮን የተቀባው፣ የጾመው፣ የሰገደው፣ ያለቀሰው እሱ ነውና ዋጋውን የሚቀበለውም እሱ ነው። ሰው ሲሞት አጥበን የምንገንዘው፣ ፍትሐት አድርሰን ወደ ቤተ ክርስቲያን የምንወስደው ለዚህ ነው። ያለቀ መያዣ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አክብሮት ለምን?

ልጁ መጽሐፍ ያነባል፤ «ጳውሎስ ሥጋችንን ድንኳን ብሎታል፤ ድንኳን ደግሞ ይነቀላል» አለኝ። ልክ ነው፣ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ ብሎታል። ነገር ግን ሐዋርያው እዚያው ላይ አይቆምም። ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ የምንቃትተው ልብሳችንን ለመገፈፍ ፈልገን እንዳልሆነ፣ በላዩ ላይ ሌላ መልበስን ፈልገን እንደሆነ ይናገራል፤ ሟች የሆነው በሕይወት እንዲዋጥ። አሮጌው ተጥሎ አዲስ ይምጣ አላለም፣ ተገፍፎ ባዶ ይቅርም አላለም። በላዩ ይደረብ ነው ያለው። ይህን ክፍል ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ጊታሩ ጠረጴዛዬ ላይ ተጋድሞ ሳየው ግን የጠጋኝ ቃል ሆኖ ተሰማኝ። ምክንያቱም ከመቀየር ሌላ የቀረበልኝ መንገድ ያንኑ መግፈፍ ነበርና።

እሱን ልንገራችሁ። ከሥራ ቤቴ በታች ያለ ጋራዥ ውስጥ ቀለም የሚረጭ ጎበዝ ወጣት አለ። ጊታሩን አየና «ልፋቀው፣ ስቱኮ ልምታው፣ ሜታሊክ ልርጨው፤ ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል» አለ። ይችላል ደግሞ፤ የመኪና በር ሲሠራ አይቼዋለሁ። እንዲህ ቢደረግ አካሉ አይቀየርም፣ እንጨቱ ያው ነው። አባትየውም ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ተስማምተው ነበር። እኔ ግን ከመቀየር የሚሻል መስሎ አልታየኝም። ክንዳቸው የበላው ጠርዝ ተስተካክሎ፣ የዘለበቱ ጭረት ተደፍኖ፣ ሦስቱ ቀለሞች በብርጭቆ ወረቀት ተጠርገው ሲሄዱ የሚቀረው እንጨት በእርግጥ ያው እንጨት ነው፤ ያ ሁሉ ሌሊት ግን የለበትም።

እዚህ ላይ ዳግማይ ትንሣኤ ትዝ ይለኛል። ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው እሑድ የምናስበው የቶማስን ነገር ነው። ጌታ የተነሣበት ሥጋ ሞት የማይነካው፣ በተዘጋ በር የሚገባ ሥጋ ነው፤ ሆኖም የችንካሩ ምልክት በእጁ፣ የጦሩም ምልክት በጎኑ አለ። ቶማስ ያወቀው በዚያ ነው። ሞትን ያሸነፈ ሥጋ ቁስሉን ማጥፋት አቅቶት ነውን? አይደለም። ቁስሉ የማንነቱ ምስክር ስለሆነ አቆየው። ለእኔ የእድሳት መለኪያ ይህ ነው፦ የሚገድለውን ያስወግዳል፣ የሚመሰክረውን ያቆያል። ስንጥቁ ይገድላል፤ የሰፋው የብሎን ቀዳዳ ይገድላል። የክንዱ ምልክት ግን አይገድልም፤ ይመሰክራል።

በአገራችን ይህን የሚያውቁ ሠራተኞች ታይተዋል። ዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች በራዲዮ ካርቦን ሲመረመሩ ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ዘመን የተሠሩ መሆናቸው ታውቋል። በቅርብ ዘመን ሲጠገኑ ከገዳሙ አልወጡም፤ ጠጋኞቹ እዚያው ድረስ ሄደው ነው የሠሩት። ከዚያ በፊት በነበረ ጥረዛ የተዛነፉ ቅጠሎችን ወደ ቦታቸው መለሱ፣ የተቀደደውን አጸኑ፤ ያረጀውን ብራና ግን አዲስ ላስመስልህ አላሉትም። አክሱም ላይ ደግሞ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በ1950ዎቹ አዲሱን የጽዮን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ፋሲል ያሠሩት አሮጌው አልፈረሰም፤ ጎን ለጎን ቆመዋል። ለአዲሱ ቦታ ለመስጠት አሮጌውን መሠዋት ሁልጊዜ ግድ አይደለም ማለት ነው።

ሐሳቤን ያጸናልኝ ግን አንድ ሙዚቀኛ ነው። ሰበታ ባለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የተማረ፣ በጎረምሳነቱ ይህንኑ ጊታር ከሽማግሌው እየተዋሰ የተለማመደ ሰው ነው። ለሌላ ጉዳይ ወደ ቡራዩ ሲመጣ ሽማግሌው ወደ እኔ ላኩት። ጊታሩን ምንም ሳልለው እጁ ላይ አኖርኩለት። በመጀመሪያ የነካው ክሩን አይደለም፤ ቀኝ ክንዱን ጠርዙ ላይ አሳረፈ፣ የተበላው ቦታ ላይ ሲደርስ ክንዱን እዚያው ተወው። ቀጥሎ በጣቱ የቀለሞቹን ደረጃ ተከተለ፤ ከቀዩ ወደ ነጩ፣ ከነጩ ወደ ቡናማው የሚወርደውን። «ክንዴ እዚህ ሲሆን ጣቴ ሦስተኛው ክር ላይ ነው የሚያርፈው። ድሮም በዚህ ነበር የማውቀው» አለኝ። ልጁ በአጋጣሚ እዚያ ነበር፤ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና አባቱን በስልክ ጠርቶ ጠርዙን እንደማናስነካው ነገራቸው። ጋራዡም ሜታሊኩም ቀሩ።

ሥራው ራሱ ረጅም አይደለም፣ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። የክብሪቱን እንጨት ሁሉ አወጣሁ። ቀዳዳዎቹን በትራፓኖ አጽድቼ ደረቅ የወይራ ሽብልቅ በኮላ መታሁባቸውና ከደረቀ በኋላ እንደገና በሳሁት፤ ወይራ ብሎን ይይዛል። ስንጥቁን በጥቂቱ ከፍቼ ኮላ እስከ መጨረሻው እንዲገባ አድርጌ በሞርሳ አሰርኩት፤ ሞርሳው እንጨቱን እንዳይነድፍ ከሥሩ ቁራጭ ጣውላ ይደረጋል። የመኪና ስቱኮው ለቅቆ ስለነበር አውጥቼ በቁራጭ እንጨት ተካሁት፤ እዚያ ላይ አዲስነቱ ይታያል፣ ለመደበቅም አልሞከርኩም። የፕላስቲክ ሽፋኑን ፈትቼ ከሥሩ፣ ከሰው ዓይን ውጭ ባለው ቦታ፣ አንድ ጠብታ ቲነር አደረግሁ። ቀለሙ ከለሰለሰ አዲሱ ቫርኒሽ ከአሮጌው ጋር ይዋሐዳል፤ ካልለሰለሰ ፖሊስተር ነውና በስሱ ካልተሻከረ አይዝም። ቀዩ ለሰለሰ። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ማሸት ባስፈለገኝ ቦታ በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ነው ያሸሁት፣ አቧራው እንዳይነሣ። ባዶ የቀረው እንጨት ላብ መጠጣቱን እንዲያቆም ግልጽ ቫርኒሽ በስሱ ደረብኩበት። ቀለም የሚባል አልጨመርኩም።

ለመቀየር እምቢ ያልኩት ግን በማናቸውም ጊታር ላይ አይደለም። እንጨቱ ነቅዞ በጣት የሚፈርስ ቢሆን፣ የአንገቱ ጉድጓድ ኮላ የሚይዝ ጤነኛ ግድግዳ ባይኖረው፣ እኔው ራሴ አዲስ እቆርጥ ነበር። ያን ጊዜ ግን ለሽማግሌው «ያው ነው» ብዬ አላታልላቸውም፤ በአሮጌው አንገት አዲስ ጊታር ተሠራ እላቸዋለሁ። ልጁ ይህን ሲሰማ ከባዱን ጥያቄ አነሣ። «ታዲያ ሥጋው የጠፋ ሰውስ? የተቃጠለው፣ ባሕር የበላው? ሥጋው ያው ካልሆነ እሱ አይደለም ካልክ እነሱ ምን ይሆናሉ?» ጥያቄው ለክርክር እንዳልሆነ ከፊቱ አየሁ። የመለስኩለት የማምነውን ነው፦ ከምንም የፈጠረ አምላክ የተበተነውን ለመሰብሰብ አይቸግረውም። እኔ ግን ከምንም አልፈጥርም። እጄ ላይ ያለ እንጨት ያስፈልገኛል፤ ስለዚህ ያለውን ያህል መጠበቅ የእኔ ግዴታ ነው። መልሱ ያጠገበው አይመስለኝም። የጳውሎስን ድንኳንም ገና አልለቀቀውም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ መምህር ጋር ሊነጋገርበት ነው።

ለራሱ ደግሞ አዲስ ቦዲ እንድሠራለት አዝዞኛል፤ ይህን በደስታ ነው የተቀበልኩት። የጃፓኑ ጊታር ጉድጓድ ልኬት ከፌንደሩ ስለሚለይ የሚገጥምለት ዝግጁ አካል አይገኝም ነበር፤ የልጁ የራሱ አንገት ግን የታወቀው ልክ ነው። ክሩ አናቱ ሥር ከሚያርፍበት ቦታ እስከ 12ኛው ፍሬት ያለው ርቀትና ከ12ኛው ፍሬት እስከ ብሪጁ ያለው ከሞላ ጎደል እኩል መሆን አለበት፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብስት ጊታሩ ወደ ላይ ሲወጣ ቅኝቱን ይስታል። ጣውላው በአምቦ መንገድ የመጣ ዋንዛ ነው፤ ገና እርጥብ ስለሆነ በየመሐሉ ቁራጭ እያስገባሁ ደርድሬዋለሁ። በክረምት እርጥበት ቫርኒሽ ላይ ላዩን ጉም የመሰለ ንጣት ያወጣል፤ ስለዚህ ከመስቀል በፊት እንዳይጠብቀኝ ነግሬዋለሁ።